ለጋሽ ባንተአምላክ፦ በጋውኔ ኪስ ስለቀረው ክዳን

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ጋሽ ዘመኑ፣ ጥብሱን ለአፍታ ይተዉትና ወደዚህ ይዩ፤ የመጀመሪያው ታሪክ የእርስዎ ነው፣ ካጋነንኩ ያርሙኝ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ አቻምየለሽ እባላለሁ። የጣቢያው የእንስሳት ቡድን መሪ ነኝ። ቢያንስ እስከ ዛሬ ነበርኩ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ባንተአምላክ ወደዚህ የላም ማዳቀያ ጣቢያ የመጡ ቀን እኔ ፍኖተ ሰላም ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁ ጥበቃችን ጋሽ ዘመኑ የነገሩኝን ነው። ሰውየው የምደባ ደብዳቤያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ የናይትሮጅን መያዣ አቅፈው ከቡሬ ከሚመጣ አይሱዙ ወረዱ። ቢሮው ተቆልፏል። ቁልፍ ያዡ ለቀብር ማንኩሳ ሄዷል። ጋሽ ዘመኑም፣ ያን ጊዜ ጎረምሳ ናቸው፣ «ነገ ይመለሱ ጌታዬ፣ ዛሬ ሰው የለም» አሏቸው።

«ሰው የለም? ታዲያ አንተ ማን ነህ?»

«እኔማ ጥበቃው ነኝ።»

«ላም አለህ?»

«አንዲት አለችኝ።»

«አርግዛለች?»

«እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እሱማ ያውቃል፤ አንተም ብታውቅ ምን አለበት? ሂድ አምጣት!»

ቁልፍ ያዡ ከቀብር ሲመለስ ባሕር ዛፉ ሥር አምስት ላሞች ከነባለቤቶቻቸው ቆመዋል። አንድ የማያውቀው ሰው እጁን እስከ ትከሻው ፕላስቲክ አልብሶ፣ «ይቺ የአራት ወር ናት፣ ይቺ ባዶ ናት፣ ቀጣይ!» ይላል። ቁልፍ ያዡ በሩን ከመክፈቱ በፊት፣ «ገበያው ወደዚህ ተዛወረ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ልክ ነኝ ጋሽ ዘመኑ? ልክ ነሽ ብለዋል፣ መዝግቡልኝ።

ሥራቸውን ለማታውቁ እንግዶች ባጭሩ ልንገራችሁ። የተመረጠ ኮርማ ዘር በናይትሮጅን ቀዝቅዞ መያዣ ውስጥ ይቀመጣል። የገበሬው ላም ኮርማ የፈለገች ዕለት ባለሙያው ይደርስና ያስረግዛታል። ሰዓቱ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። በዚህ ምክንያት ጋሽ ባንተአምላክ በሞተር ብቅ ሲሉ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ «ኮርማው መጣ! ኮርማው መጣ!» እያለ ይከተላቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ወለተሥላሴ ይህን ስም መጀመሪያ የሰሙት ሙሽራ ሆነው ከባላቸው ጋር ጅጋ ገበያ የወጡ ዕለት ነው። አሥር የሚሆኑ ልጆች ከኋላ «ኮርማው!» እያሉ ሲጮሁ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «አንተ፣ እኔን ሳታገባ በፊት በዚህ አገር ምን ስትሠራ ነበር?» አሉ። እስካሁን ድረስ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም ይላሉ።

አገራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከወሩ ሠላሳ ቀን ስንቱን ነው የምናከብረው? ላሟ ግን ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ነገ ገብርኤል ነው ብላ አትጠብቅም። አንድ ቀን ሐብቴ፣ ያው እዚያ ጥግ የተቀመጠው ሐብቴ፣ በሃያ አንድ ላሙን ይዞ መጣና ከበሩ ላይ ቆሞ ማመንታት ጀመረ። «ጋሼ፣ ማርያም ናት እኮ። በዓል ሽራችሁ ቢሉኝስ?» አላቸው። ሌላው ባለሙያ ቢሆን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ እረፍት ነዋ! እሳቸው ሐብቴንም ላሙንም አስከትለው ቄስ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄዱ።

«አባ፣ ላም ማስረገዝ ሥራ ነው?»

ቄስ ክንፈሚካኤል በጥያቄ መለሱላቸው። «ሞፈር ትጨብጣለህ?»

«አልጨብጥም።»

«ታጭዳለህ?»

«አላጭድም።»

«እህል ትወቃለህ?»

«ኧረ አባ፣ ምን እህል አለና!»

«እንግዲያ ከተከለከለው ውስጥ የለህበትም። ብቻ ሳሙና አትቆጥብ።»

በዚህም አላበቁም። አባን አስፈቅደው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ፣ ላም ኮርማ መፈለጓ በምን በምን እንደሚታወቅ አምስት ደቂቃ ያስተምሩ ጀመር። ቢሮው ስብሰባ ሲጠራ ሃያ ሰው አይመጣም። እሳቸው በዓሉን ሲጠቀሙበት ሦስት መቶ ሰው ጽድት ብሎ፣ ነጭ ለብሶ፣ ዝም ብሎ ይሰማቸዋል።

የጀሪካኑን ታሪክ ካልተናገርኩ ደግሞ ኃላፊያችን አቶ ገነነ ይቀየሙኛል። ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ ገበሬው በምን ይጥራቸው? እኛ ቢሮ ተቀምጠን «ኔትወርክ እስኪመጣ አገልግሎቱ ይቋረጥ» የሚል ደብዳቤ እያረቀቅን ነበር። እሳቸው የለመዷትን ጥያቄ ጠየቁ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ አብራችሁኝ በሉ፦ «እጃችን ላይ ምን አለ?» አያችሁ፣ ጋሽ ዘመኑ ሳይቀሩ ይችሏታል! ነዳጅ የለም ስንል እጃችን ላይ ምን አለ፤ ጓንት አልቋል ስንል እጃችን ላይ ምን አለ። አንዳንዴ እኮ ማልቀስ ብቻ የሚፈልግ ሰው አለ፤ እሳቸው ግን ለልቅሶ ጊዜ አይሰጡም። የዚያን ዕለት እጃችን ላይ የነበረው በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን ሆነ። «ላሙ ኮርማ የፈለገችበት ሰው እንጨት ላይ ጀሪካን አድርጎ መንገድ ዳር ይትከል። በሞተር ሳልፍ አየዋለሁ» ብለው በየቀበሌው አዞሩ።

ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ። ችግሩ ትርፍ ጀሪካን የሌለው ሰው ጣሳ መስቀል ሲጀምር መጣ። ጎጃም ውስጥ እንጨት ላይ የተሰቀለ ጣሳ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ አላስረዳም! የሐብቴ ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት መንገደኛ ገባ። መደቡ ላይ ተደርድረው፣ «እመቤት፣ ቅጂልን እንጂ» ይላሉ። ባለቤቱ ግራ ቢገባት የቤቷን ጠላ ቀድታ ሸኘቻቸው። ጋሽ ባንተአምላክም በተራቸው እውነተኛ ጠላ ቤት በቦቲና በጓንት ሰተት ብለው ገቡና «የታለች?» አሉ። ባለቤቲቱ «ማን?» አለች። «ላሟ!» ሲሏት ጠጪው በሙሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። በማግስቱ አቶ ገነነ በስብሰባ ላይ ኮስተር ብለው፣ «በሥራ ሰዓት ጠላ ቤት ታይተዋል የሚል ጥቆማ ደርሶኛል» አሏቸው። መልሳቸው ቃለ ጉባኤ ላይ አለ፦ «ገብቻለሁ። የገባሁት ላም ፍለጋ ነው።»

አምና ቡሬ ላይ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ወጣት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ «ኢንተርፕርነርሺፕ ማይንድሴት ነው» እያለ በስላይድ ያሳየናል። እኛ እንጽፋለን። ጋሽ ባንተአምላክ በመጀመሪያው ቀን የሻይ እረፍት ላይ ጠፉ። ለካ የሆቴሉ ወጥ ቤት ገብተው፣ «ወተቱን ከየት ነው የምታመጡት?» እያሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ሻዩን በወተት ቀምሶ፣ «ይሄ ወተት ግን በጣም ይጣፍጣል» አለ። ይጣፍጣላ! ከእሳቸው ጥጆች እናቶች የታለበ ነው። በእረፍት ሰዓት ሦስት ገበሬና አንድ ሆቴል አገናኝተው መጥተዋል። የማጠቃለያው ዕለት ልጁ «ጋሼ፣ ሥራ ፈጣሪ ማለት ለእርስዎ ምንድን ነው?» ሲላቸው፣ «እኔ እንጃ ልጄ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብለውት አረፉ።

ሌላም አለ። ከሁሉ የሚያስቀን፣ ሞተራቸውን አስነስተው ከግቢ ከወጡ በኋላ ተመልሰው መጥተው የትልቁን መያዣ ክዳን የሚነኩት ነገር ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይመለሳሉ። «ኮርማዎቹን ተሰናብተው አልጨረሱም» እያልን ስንቀልድ ኖረናል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

አሁን ሳቁን ላቁመው። ቀልዱን ያበዛሁት ፈርቼ ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት የፋሲካ ሰሞን መያዣው ደርቆ እንደነበር የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ። ናይትሮጅን ካለቀ የኮርማው ዘር በሙሉ ይሞታል። የዚያን ጊዜ መንገዱ አስቸጋሪ ነበር፣ ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሴቶች ማኅበር አባላት ጣቢያውን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። ሌላው ሠራተኛ ለበዓሉ ቀድሞ ስለወጣ አስጎብኚዋ እኔ ነበርኩ፤ አዲስ ሠራተኛ፣ ጋውኔ ገና ከነእጥፋቱ። ሴቶቹ «እስኪ ያንን ጭስ አሳዪን» አሉኝ። ክዳኑን ነቅዬ አሳየኋቸው። እልል አሉ፣ እኔም ደስ አለኝ። ወዲያው የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ እየሮጥኩ ወጣሁ። ክዳኑ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ያገኘሁት ቅዳሜ ጋውኑን ላጥብ ስል ነው። እዚህ ላይ እንዳትምሩኝ፤ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቅዳሜ አውቄዋለሁ። ለጋሽ ዘመኑ አንድ ስልክ ብደውል ይበቃ ነበር። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁና ሳልደውል ቀረሁ። ፋሲካን እንዴት እንደፈሰክሁ አላውቅም። ማክሰኞ ከሁሉም ቀድሜ መጥቼ ክዳኑን ሰው ረስቶት የሄደ እንዲመስል ከመያዣው አጠገብ አስቀመጥኩትና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ባንተአምላክ መጡ። መለኪያውን ዘንግ አስገብተው አወጡት፤ ደረቅ ነው። አቶ ገነነ «ማን ነው ሳይከድን የሄደው?» ብለው ጮኹ። እኔ መዝገብ ማገላበጥ ያዝኩ። ሐብቴ ላሙን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ባንተአምላክ ሐብቴን አዩት፣ ዘንጉን አዩት፣ ከዚያ «እኔ ሳልሆን አልቀርም። ማስጠንቀቂያውን ጻፉልኝ፣ ስመለስ እፈርማለሁ» ብለው ሞተራቸውን አስነሡ። ወዴት ሄዱ? ወደ ቤታቸው። እትዬ ወለተሥላሴ ስንት ዓመት ሲያማርሩ እንደኖሩ ታውቃላችሁ፤ «ሰው አልጋ ሥር ጫማ ያስቀምጣል፣ የእኔ ባል አሥራ ሁለት ኮርማ!» ይሉ ነበር። ጋሽ ባንተአምላክ በዓል በመጣ ቁጥር ትንሿን መያዣ ሞልተው ከዘሩ ከፍለው ቤታቸው ይወስዱ ነበርና ያቺ ተረፈች። የሐብቴ ላም በሰዓቱ ተዳቀለች፤ ጣቢያውም አንድ ቀን እንኳ ሳይዘጋ ቀጠለ።

ማስጠንቀቂያው ግን ተጻፈ፣ ፋይላቸውም ውስጥ ገባ። በአምስተኛው ወር የቡድን መሪ ውድድር ወጣ። ማስጠንቀቂያ ያለበት አይወዳደርም ተባለ። የተመረጠችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። እነሆ፣ እዚህ ማይክ ይዛ ቆማለች።

ሰባት ዓመት የእኔ መሆኔን ያውቃሉ ብዬ ነው የኖርኩት። አውቀው የተሸከሙልኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያ ማሰቡ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። ባለፈው ወር የጡረታ ደብዳቤያቸው በደረሰ በሁለተኛው ቀን በረንዳው ላይ ቦቲያቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ያ ክዳን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር» አልኳቸው።

«የቱ ክዳን?»

«የፋሲካው።»

ማጠባቸውን አቆሙ። «አንቺ ነበርሽ እንዴ?»

«አያውቁም ነበር?»

«በምን አውቄ! እኔ ራሴ መስሎኝ ነው። ያን ዕለት ትንሿን መያዣ ሞልቼ የወጣሁት በጥድፊያ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እኮ ከበር እየተመለስኩ ክዳን የምነካው...» አሉ።

ጓዶች፣ የሳቅንበት ነገር ይሄ ነው። አብረን የሳቅንበት፣ እኔም የሳቅሁበት። ሰውየው ባላጠፉት ጥፋት ራሳቸውን ሳያምኑ ሰባት ዓመት ከበር ይመለሱ ነበር።

ቦቲውን አስቀምጠው እረፍት ያጣ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ እንደሚያደርገው በረጅሙ ተነፈሱ። «እፎይ» አሉ። «ለካ እኔ አይደለሁም! ተመስገን!» መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፤ ቁጣ ስጠብቅ ምስጋና ሰማሁ። ቦቲውን መልሰው አንሥተው ግን፣ «ቡድን መሪነቱን ፈልጌው ነበር፣ አልዋሽሽም» አሉኝ። ቁጣው ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። እዚያው በረንዳው ላይ አለቀስኩ። እሳቸውም እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልቅሶ ጊዜ የሰጡት ለእኔ ነው።

ቤቴ ገብቼ ከእሳቸው የተማርኩትን በእሳቸው ጉዳይ ላይ ሞከርኩት። ያለፈውን ሰባት ዓመት መመለስ አልችልም። ምን አለኝ? አሥራ አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። እስክሪብቶም ነበረኝ። ፈቃዱን ወሰድኩና ጋሽ ባንተአምላክ ተወካይ ቡድን መሪ ይሁኑ ብዬ አቀረብኩ። ሥራ በበዛበት ወቅት ፈቃድ ወጣች ብላችሁ ስታሙኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። አረገዘች ያላችሁም አላችሁ፤ የሙያ አመለካከት ነው ብዬ ይቅር ብያችኋለሁ። ከመሄዴ በፊት ደግሞ ያደረግሁትን ሁሉ ከቅዳሜዋ ጀምሮ በሦስት ገጽ ጽፌ ለአቶ ገነነ ሰጠሁ።

በአሥራ አንድ ቀን ምን እንደሠሩ አያችሁ? እኔ በሰባት ዓመት ያላሰብኩትን። ዘሩ በሙሉ አንድ ቦታ እንዳይቀመጥ ጅጋና ማንኩሳ ላይ ትንንሽ መያዣዎች አስቀመጡ፣ እዚያ ያሉትን ሁለት ባለሙያዎች ራሳቸው አለማመዱ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግን የሠሩት የትልቁን መያዣ ክዳን በሰንሰለት ማሰር ነበር። ሁላችሁም «ሰንሰለቱ ለምንድን ነው?» ስትሉ ነበር። ለእኔ ነው። አያሳፍረኝም፣ ሳየው ደስ ይለኛል።

ሥራ መፍጠር ምን እንደሆነ ቡሬ ላይ ሦስት ቀን ተምረን ምስክር ወረቀት ተሰጥቶናል። እኔ የተረዳሁት ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ባንተአምላክ የሰው ሥራ እየሠሩ እንደ ራሳቸው ሥራ ያዩታል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ማን አጠፋ ብሎ መፈለግ አይሆንላቸውም፤ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳሉ። እሱ ራሳቸውን ጎድቷቸዋል፣ እውነቱን እናውራ። እኛ እየተጠቀምን እሳቸው ተጎድተዋል። ስለዚህ ዛሬ ማመስገን ብቻ በቂ አልመሰለኝም።

አቶ ገነነ፣ ደብዳቤውን ይስጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ረጅም አይደለም፦ «ከሰባት ዓመት በፊት ለአቶ ባንተአምላክ የተሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጥፋቱ የእርሳቸው አለመሆኑ ስለተረጋገጠ ተሰርዞ ከፋይላቸው እንዲወጣ መደረጉን እየገለጽን፣ ለደረሰባቸው በደል ይቅርታ እንጠይቃለን።» ማኅተም አለው፤ እንዳትጠራጠሩ።

ሁለተኛም ደብዳቤ አለ። ትናንት የተጻፈ ነው፣ ለእኔ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላል። ቡድን መሪነቱም ክፍት ሆኖ ውድድሩ እንደገና ይወጣል። የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ አቶ ገነነን እንዳታሙ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ የፈረምኩበት ወረቀት የለም፤ የሠርጌን ጨምሮ፣ ባለቤቴ ይቅር ይበለኝ።

ጋሼ፣ ምነው ተነሡ? ይቀመጡ እንጂ፣ አልጨረስኩም። እሺ፣ ከመጡ ይምጡ፣ እዚህ አጠገቤ ይቁሙ።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሡ! ጠላም ይሁን ቢራ፣ ለስላሳም ይሁን። ጋሽ ባንተአምላክ ሰኞ ጅጋ ላይ የራሳቸውን የማዳቀል አገልግሎት ይከፍታሉ፣ ፈቃዱም ወጥቷል። እግዚአብሔር ሥራዎን ይባርክ። ሞተሩ አያስቸግርዎ፣ መንገዱ ሰላም ይሁን፣ ጉልበትዎ አይድከም። እትዬ ወለተሥላሴ፣ ለእርስዎም ጤና ይስጥልን፣ የአልጋዎንም ሥር ከኮርማ ያሳርፍልን።

ጋሽ ባንተአምላክ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት «እንደምን አደርሽ አቻምየለሽ» ሲሉኝ ዓይንዎን ሳላይ ነበር የምመልስልዎት። ዛሬ እያየሁዎት ነው። አመሰግናለሁ ጋሼ። ለእርስዎ!